የመምህር ክረምት በደብረ ማርቆስ

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘመንን ከፍለው በሚያስተምሩበት ሥርዓት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ወራት ዘመነ ክረምት ይባላል፤ ይኸንንም ወራት መልሰው በየንኡስ ክፍሉ ሲለዩት መጀመሪያውን ዘርዕና ደመና፣ ቀጥሎ ያለውን መብረቅና ነጎድጓድ፣ ሦስተኛውን ዕጕለ ቋዓትና ዓይነ ኵሉ፣ ከነሐሴ 28 ቀን ጀምሮ ጳጉሜን እስኪፈጸም ያለውን ደግሞ ጎሕ፣ ነግህ፣ መዓልትና ብርሃን ብለው ይጠሩታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በደብረ ማርቆስ ይህ አከፋፈል ከመጽሐፍ ይልቅ በዓይን የሚነበብ ነው፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ደመና ሐምሌን በሙሉ ከተማይቱን ሸፍኖ ይውላል፣ የጨሞጋ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፣ ሰኔ 30 ቀን የልጆች ድምፅ የተለየው የትምህርት ቤት ግቢም በሣር ተውጦ የተኛ ይመስላል። በአጥሩ ጥግ የሚያልፈው መንገደኛ አስተማሪን በክረምት ሥራ እንደ ፈታ ሰው አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪን አኗኗር በቅርብ ያየ ሰው፣ መስከረም ላይ የሚከፈተው ክፍል በመስከረም የተሠራ ሳይሆን በነዚሁ አራት የክረምት ክፍሎች ውስጥ ቀስ በቀስ የተሰናዳ መሆኑን ይረዳል።

ይህ የማሰናዳት ልማድ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው። የትምህርትን ቤት የሚያሰናዳው ማን ነው? በጎጃም ምድር ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ከመቶ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ተገልብጧል፤ ቀድሞ ቤቱን ሠርቶ ይጠብቅ የነበረው ተማሪው ሲሆን፣ በኋላ ግን ይህ ዕዳ በመምህሩ ትከሻ ላይ ወደቀ። ይህ መገለባበጥ እንዴት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ጥንቱ የአብነት ትምህርት መመለስ ግድ ይሆናል።

ጎጃም የቅኔና የመጻሕፍት አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም በሊቃውንታቸው የታወቁ ደብሮች ሲሆኑ፣ ጎንጅና ዋሸራ ደግሞ ከዋድላ ጋራ በቅኔው ዓለም የየራሳቸውን የአቀራረብ ስልት ለማቆም የበቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው። በነዚህ ስፍራዎች ሁሉ ትምህርት ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ማለት አልነበረም። መምህሩ ወንበር ዘረጉ፣ ጉባኤ ተከሉ ይባላል እንጂ ክፍል ከፈቱ አይባልም፤ ወንበሩም የሚዘረጋው በዛፍ ጥላ ሥር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ወይም በመምህሩ ደጃፍ ነው። የኔታ የሚያስተምሩትን ሁሉ በልባቸው ይዘውት ስለሚኖሩ፣ ከወር አስቀድመው የሚያሰናዱት ሰሌዳም ሆነ የሚሰቅሉት ሥዕል አልነበራቸውም። እርሳቸው ከዲማ ተነሥተው ደብረ ኤልያስ የገቡ እንደ ሆነ ትምህርት ቤቱ አብሯቸው ይሄዳል፤ ያረፉ እንደ ሆነም ወንበራቸውን የሚወርስ ደቀ መዝሙር ካልተገኘ ጉባኤው ይበተናል።

ቤት ማሰናዳት እንግዲህ የተማሪው ፈንታ ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ዱላውን ይዞ ከሩቅ አገር የመጣው የቆሎ ተማሪ ክረምት ሳይገባ አስቀድሞ እንጨት ቈርጦ፣ ሣር አጭዶ፣ ከባልንጀሮቹ ጋራ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል። ጎጆይቱ ሰው ተቀምጦ የሚማርባት ሳትሆን ከዝናም ተጠልሎ የሚያድርባት፣ ቀን የተነገረውን ሌሊት የሚቀጽልባት ናት። ክረምት ለገበሬው ጐተራው የሚሟጠጥበት ወራት በመሆኑ ለተማሪውም የቁራሽ ማነስ ነው፤ ወንዙ ይሞላል፣ ውሻው ይበረታል፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ከደጅ የሚቆመው ልጅም ብዙ ጊዜ በባዶ አኩፋዳ ይመለሳል። ሆኖም በዚህ ሥርዓት ክረምት የዕረፍት ጊዜ አልነበረም፤ ይልቁንም በጾመ ፍልሰታ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ የሚሰማበት፣ ሰዓታት የሚቆምበት፣ ወንዝ መንገዱን ስለሚዘጋም ተማሪ ከጉባኤው የማይለይበት ጊዜ ነበር።

በንባብ ቤትም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሕፃኑ በፊደል ገበታው ላይ ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ እያለ በስንደዶ እየጠቆመ ሲማር የሚያስቀጽለው ከእርሱ ጥቂት የቀደመው ልጅ ነው፤ የኔታ ከወንበራቸው ሳይነሡ ስሕተቱን በጆሯቸው ይለዩታል። ከአቡጊዳው ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ሲሸጋገር መጽሐፉን የሚያመጣው ወላጅ ወይም ራሱ ልጁ ነው። ቀለም ማሰናዳት እንኳ የተማሪው ትምህርት አንድ ክፍል ነበር፤ ከምጣድና ከድስት ጥላሸት ተፍቆ፣ ካረረ እህልና ከቅጠል ጋራ ተቀምሞ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ ወራት ይቈያል፤ ከመቃ የተቀረጸው ብዕርም በተማሪው እጅ ይሳላል። ስለዚህ በጥንቱ ቤት መምህሩ ዕውቀቱን፣ ተማሪው ደግሞ ቤቱን፣ ብዕሩንና ቀለሙን ይዘው ይገናኙ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምንላት ከተማ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. ገደማ እንደ ቈረቈሯት ይነገራል። በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ሆነው የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ከተማይቱ ስሟን ከደብሩ ወረሰች። ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. ካረፉ ከሰባት ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። አዲሱ ትምህርት ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ለመድረስ ግን ጊዜ ፈጀ፤ አስቀድመው ዓባይን የተሻገሩት የጎጃም ሊቃውንት ልጆች ነበሩ። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔውን ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ በመምህርነት አገልግሏል። ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የአብነቱን ትምህርት ቀስመው ወደ አዲስ አበባ ከወረዱና ዘመናዊውን ትምህርት ከተማሩ በኋላ፣ ከጣልያን ወረራ በፊት ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በደብረ ማርቆስ አስተምረዋል።

በሐዲስ ዓለማየሁ ሰውነት ውስጥ ሁለቱ ቤቶች ተገናኝተዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከጎጆ ቤት የወጣው የቆሎ ተማሪ በወንበር ፈንታ ጥቁር ሰሌዳ፣ በዛፍ ጥላ ፈንታ አራት ማዕዘን ክፍል ተረከበ። በኋላ ዘመን፣ በ1948 ዓ.ም.፣ «ትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የሚል መጽሐፍ ማሳተማቸው፣ ከዚያም የትምህርት ሚኒስትር ለመሆን መብቃታቸው፣ ይህ የተማሪ ቤት ነገር በልባቸው ምን ያህል ተቀርጾ እንደ ቈየ ያስረዳል። እርሳቸው የተማሩበት ሥርዓትና ያስተማሩበት ሥርዓት የሚለያዩትም በዚሁ ነው፤ በመጀመሪያው ዕውቀት በመምህሩ ልብ ውስጥ ተቀምጦ ሲኖር፣ በሁለተኛው ግን ከልብ ወጥቶ በግድግዳ፣ በሰሌዳ፣ በመዝገብና በታተመ መጽሐፍ ላይ ሰፈረ። ዕውቀት በቤቱ ላይ ከሰፈረ ደግሞ ቤቱን ማሰናዳት ትምህርቱን ማሰናዳት ሆነ፤ ይህም ከዚያ ጀምሮ የመምህሩ ሥራ ነው።

የኢጣልያ ጦር በግንቦት 1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስን ሲይዝ የተጀመረው ሁሉ ተቋረጠ። ጎጃም አምስቱን ዓመት በአርበኝነት አሳለፈ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል ገብተው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ደረሱ፣ ከአንድ ወር በኋላም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ከድል በኋላ ትምህርት ቤት መክፈት የመንግሥቱ ዋና ሥራ ሆነ፤ በደብረ ማርቆስም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ለብዙ ትውልድ በር ሆነ። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር ዐዋጅ ከመሬት ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለየጠቅላይ ግዛቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ድርሻ እንዲኖር አደረገ። ይሁን እንጂ ሕንፃ ከመሠራቱ፣ ወንበር ከመደርደሩ በፊት የሚያስተምር ሰው ያስፈልግ ስለ ነበር፣ በ1936 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተጀመረው የመምህራን ማሠልጠኛ እስኪሰፋና የሐረርና የደብረ ብርሃን ማሠልጠኛዎች እስኪከፈቱ ድረስ፣ በየአውራጃው የተመደቡት አብዛኞቹ የአማርኛ አስተማሪዎች ከቅኔና ከዜማ ቤት የወጡ ደባትርና መሪጌቶች ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች የመጡበት ቤት የክረምት ዕረፍት አያውቅም፤ ክፍል የማሰናዳት ልማድም አልነበረውም። ሆኖም ሁለት ነገር ይዘው መጡ። አንደኛው ቀን መቍጠር ነው፤ በጳጉሜን የዓመት ዕቅዱን የሚጽፈው የቀድሞ ደብተራ ባሕረ ሐሳቡን ስለሚያውቅ፣ ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም በስንተኛው ሳምንት እንደሚገቡ፣ ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንደሚውል አስቀድሞ አስልቶ፣ ተማሪ በበዓልና በገበያ ቀን እንደሚቀር ዐውቆ ትምህርቱን በቀሩት ቀናት ላይ ያደላድላል። ሁለተኛው ደግሞ ፊደልን በእጅ ማሳመር ነው፤ ብራና ፍቆ፣ መስመር ሰንጥቆ መጻፍ የለመደ እጅ፣ የፊደል ገበታውን በትልልቁ ለክፍሉ ግድግዳ ሲያሰናዳ ማንም አይተካከለውም ነበር። የቅኔ ቤቱ ሰው በአዲሱ ክፍል ውስጥ የታወቀው በነዚህ ሁለት ጥበቦች ነው።

ክፍሉ ራሱ ምን ይመስል እንደ ነበር ማየት ያስፈልጋል። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በአማኑኤል፣ በሉማሜ፣ በቢቸና ወይም በደጀን በኩል ወደ ገጠሩ የገባ እንደ ሆነ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማለት ብዙ ጊዜ በሕዝብ መዋጮና ጉልበት የተሠራ የጭቃ ቤት ነበር፤ ለተማሪ መቀመጫ የሚሆነው ከጭቃ የተሠራ መደብ ወይም ልጆች ከየቤታቸው ተሸክመው የሚያመጡት ድንጋይ ነው። ክረምቱ በዚህ ቤት ላይ የሚያደርሰውን ሐምሌ ላይ ያየው አስተማሪ፣ መብረቅና ነጎድጓድ የሚባለው ንኡስ ክፍል ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ክዳኑ ያፈሳል፣ ከግድግዳው ሥር ውኃ እየገባ ምርጊቱን ያንኮታኩተዋል፣ በር የሌለው ክፍል እንደ ሆነም ከዝናም የሸሸ በግና ጥጃ ገብቶ ያድርበታል።

ይህን ለማደስ ግን መቸኰል አይቻልም፤ ሐምሌ ላይ የተመረገ ግድግዳ አይደርቅምና። ስለዚህ አስተማሪው ሐምሌንና የነሐሴን እኩሌታ የሚያሳልፈው በማየትና በመቍጠር፣ ስንት ሸክም ሣር፣ ስንት ጕንጕን ማገር እንደሚያስፈልግ ለጭቃ ሹሙና ለመንደሩ ሽማግሌዎች በመንገር ነበር። ቡሄ አልፎ፣ ፍልሰታ ተፈትቶ፣ ደመናው ቀለል ሲል ደቦ ይጠራል። ወንዶቹ ጭድ ከጭቃ ጋራ ረግጠው ያቦኩታል፣ ግድግዳው ይመረጋል፣ ክዳኑ ይጠገናል፤ ጳጉሜን ላይ የምትወጣው የጠዋት ፀሐይ ደግሞ ታደርቀዋለች። የከተማው ትምህርት ቤት በቆርቆሮ ስለተከደነ ይህ ሁሉ ድካም የለበትም ቢባልም፣ የዛገ ምስማር ያላላውን ቆርቆሮ መምታት፣ የተሰበረ መስኮት በካርቶን መወተፍ፣ እግሩ የወለቀ ዴስክ በሽቦ ማሰር የከተማውም አስተማሪ የክረምት ሥራ መሆኑ አልቀረም።

ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሰሌዳው ነው። በዝናም እርጥበት ያበጠና በጠመኔ ብዛት የነጣ ጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈቱን አይቀበልም፤ ጠመኔው ይንሸራተትበታል፣ ዳስተር ሲያልፍበትም እንደ አመድ ይደበዝዛል። ቀለም ገዝቶ ለመቀባት ገንዘብ በማይገኝበት ገጠር አስተማሪው የራሱን መድኃኒት ይቀምማል፤ ከሬዲዮና ከባትሪ መብራት ያለቀውን የባትሪ ድንጋይ ሰብስቦ ይሰብርና ከውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት ያወጣል፣ ከሰልም ይወቅጥና በአንድነት በቅጠል ጭማቂ ለውሶ፣ ሰሌዳውን በጨርቅ እያሸ ያጠቁራል። ይደርቃል፣ ይደገማል፤ በሦስተኛው ጊዜ ሌሊት ይመስላል። ከዚህ በኋላ አስተማሪው አንዲት ሀ ጽፎ ይሞክረዋል፤ ጠመኔው ሳይንሸራተት ቢይዝ፣ ሲጠፋም ዱካው ባይቀር ሰሌዳው ለመስከረም ደርሷል። ጥላሸት ከድስት እየፋቀ ቀለም ይቀምም ከነበረው የብራና ተማሪ እስከዚህ አስተማሪ ድረስ ያለው ርቀት ብዙ መስሎ ይታየን ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለቱም ከሚነድ ነገር የተረፈውን ጥቁረት ለፊደል ማኅደር ያደረጉ ናቸው፤ ልዩነቱ ተማሪው ይሠራው የነበረውን አሁን መምህሩ መሥራቱ ብቻ ነው።

ሌላው የክረምት ሥራ ምዝገባ ነው። በጎጃም ምድር ነሐሴ የጤፍ አረም የሚታረምበት ወራት ስለ ሆነ፣ ገበሬው ልጁን ከእርሻና ከከብት ጥበቃ ነጥቆ ለትምህርት መስጠቱ ቀላል አልነበረም፤ አንዱን ልጅ ለተማሪ ቤት፣ አንዱን ለበሬ ብሎ የሚያካፍል ወላጅ ብዙ ነው። አስተማሪው ጭቃውን እየረገጠ ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ የሚጋብዙት ጠላና ዳቦ ቢበዛም፣ የሚሰጡት ቃል ግን ብዙ ጊዜ «እስቲ ጤፉ ይታረም» የሚል ነበር። መዝጋቢው ፊት የደረሰው ልጅም የልደት ወረቀት የለውም፤ ወላጁ ዕድሜውን የሚናገረው በእገሌ ሠርግ፣ በዚያ የአንበጣ ዓመት እያለ ነው። ስለዚህ ልጁ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሻግሮ የግራ ጆሮውን እንዲነካ ይታዘዛል። ጣቱ ጆሮውን ከነካ ዕድሜው ለትምህርት ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ ይቈይ ይባላል። ጆሮው ላይ ሊደርስ ሩብ ጣት የጎደለው ሕፃን አንገቱን አዘንብሎ፣ ትከሻውን ከፍ አድርጎ፣ አስተማሪውን እያታለለ ለመንካት ሲጥር ማየት የብዙ አዛውንት መምህራን የማይረሳ ትዝታ ነው፤ አብዛኞቹም እንዲህ ያለውን ልጅ አልመለሱትም።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የክፍሉ ሁኔታ ተለወጠ። በ1956 ዓ.ም. በወጣው ሥርዓተ ትምህርት አማርኛ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ማስተማሪያ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ከፍ ባሉት ክፍሎች በእንግሊዝኛ ይነገር የነበረው ሒሳብና ሳይንስ አማርኛ ተናገረ፣ በክረምት የሚሰናዳውም ጽሑፍ ሁሉ ወደ አማርኛ ተመለሰ። የአማርኛ ንባብ ሲሰናዳ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ከብዙ አስተማሪ እጅ አይለይም ነበር። በዚሁ ዘመን በስዊድን መንግሥት ርዳታና በሕዝቡ መዋጮ በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ መሠራት ሲጀምር፣ የክረምት ጭቃ ረገጣ በብዙ ስፍራ ቀረ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በባሕር ዳር የመምህራን ኮሌጅ ተከፍቶ ለአካባቢው ሁሉ የትምህርት ባለሙያ ማፍሪያ ሆነ።

ክረምት ራሱ የትምህርት ወራት የሆነበት ዘመንም መጣ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ አስተማሪው የተዘጋውን ክፍል ከፍቶ በልጆች መደብ ላይ አባቶችን፣ እናቶችንና አያቶችን አስቀመጠ፤ ያ ሰሌዳ በዚያ ክረምት አላረፈም። ዘመቻው በኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ በሀገርና በውጭ ተመስግኗል። ከዚህም በኋላ በየአውራጃውና በየትምህርት ቤቱ የፔዳጎጂ ማእከል ሲቋቋም የክረምቱ ዝግጅት መልኩን ቀየረ፤ የማዳበሪያ ጆንያ ተተርትሮ በላዩ የኢትዮጵያ ካርታ ተሳለ፣ የሰው አካል ክፍሎች ተጻፉ፣ ከሸንበቆ የሰዓት መቍጠሪያ፣ ከካርቶን የማባዣ ሠንጠረዥ ተሠራ። ለሒሳብ ግን ከጭራሮና ከቆርኪ የሚበልጥ መርጃ ከቶ አልተገኘም፤ አሥር አሥር እየሆነ በልጥ የታሰረ ጭራሮና ከየጠጅ ቤቱና ከየሻይ ቤቱ የተለቀመ የጠርሙስ ቆርኪ ለብዙ ሺህ ልጆች መደመርንና መቀነስን አስተምሯል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን በሁለት እርከን ከፍሎ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር ባደረገ ጊዜ፣ ክፍሉ የአስተማሪው ቤት መሆኑ ይበልጥ ጠነከረ፤ አንዲት አስተማሪ በአንድ ክፍል ውስጥ አማርኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም ስለምታስተምር፣ ከአራቱ ግድግዳ አንዳንዱን ለየትምህርቱ ትከፍለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሌላ ልማድ ደግሞ የክረምት ትምህርት ነው። ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ የሚሻው አስተማሪ ሐምሌና ነሐሴን በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ተማሪ ሆኖ ያሳልፋል፤ ራሱ ዴስክ ላይ ተቀምጦ፣ ራሱ ተፈትኖ፣ ውጤቱን ይዞ ወደ ገጠሩ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ የጥንቱ የቆሎ ተማሪ ኑሮ በሌላ መልክ ይመለስበታል፤ ለሁለት ወር የተከራያትን ጠባብ ቤት ከባልንጀሮቹ ጋራ ተካፍሎ፣ በርከት ያለ ሽሮ በጋራ ሠርተው እየበሉ፣ ማታ ማታ ይቀጽላሉ። ጎጆዋ ተለወጠች እንጂ የመምህር ክረምት እንደገና የተማሪ ክረምት ሆነ።

ነሐሴ ሲያልቅ የዝውውር ደብዳቤ ይወጣል። የደረሰው ደስ ይለዋል፣ ያልደረሰው ደግሞ ለአንድ ዓመት ታግሦ ወደ ቀድሞው ክፍሉ ይመለሳል፤ አዲስ ቦታ የተመደበው ግን ፍራሹንና መጻሕፍቱን ጭኖ ወደማያውቀው ሰፈር ይሄድና፣ ሌላ ሰው የተወውን ክፍል ይረከባል። በዚህ ነገር የዛሬው ሥርዓት ከጥንቱ ጋራ ፈጽሞ ይለያያል፤ ጥንት መምህሩ ሲነሣ ቤቱ አብሮ ይነሣ ነበር፣ ዛሬ ግን ቤቱ ቆሞ ይቀራል፣ መምህሩ ያልፋል። ስለዚህ አዲሱ መምህር የሚያሰናዳው ክፍል ከእርሱ በፊት የብዙ ሰው እጅ ያረፈበት ነው፤ ከተመረገው ግድግዳ ሥር የቀድሞው ምርጊት፣ ከጠቈረው ሰሌዳ ሥር የቀድሞው ጥቁረት አለ። የስም መጥሪያውንም ቀይና ሰማያዊ መስመር እያሰመረ ሲያሰናዳ፣ ገና ስማቸው ያልተጻፈ ልጆችን መስመር በመስመር ይጠብቃል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በጎጃምም በሌሎቹም አካባቢዎች ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን እንደ ዘጉ መስከረም አልፎባቸዋል። በዚህ ጊዜ ሰሌዳ ያጠቈረ፣ ስም መጥሪያ ያሰመረ አስተማሪ ያደረገው ነገር ከንቱ ነው ሊባል ይችል ይሆናል። ሊቃውንቱ ከክረምቱ ክፍሎች አንዱን ዓይነ ኵሉ ማለታቸው ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የፍጥረት ሁሉ ዓይን ገና ያልታየውን ምግብ በተስፋ የሚጠብቅበት ወራት ነውና፤ ክፍል ማሰናዳትም ከዚሁ የሚቈጠር ሥራ ነው። ገበሬው ዝናም ሳይዘንብ ማሳውን እንደሚያርስ ሁሉ፣ አስተማሪውም ልጁ ሳይመጣ ሰሌዳውን ያጠቁራል።

ጳጉሜን ሲፈጸም በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ልጃገረዶች እንግጫ ይነቅላሉ፣ አደይ አበባ ይለቅማሉ፤ ዘመን ሲለወጥ ተማሪ ቤቱም ይከፈታል። በገጠሩ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት አይደለም፤ ሴቶቹ ልጆች በእንስራ ውኃ፣ በእንቅብ እበት ይዘው ይመጣሉ፣ ወንዶቹ በግቢው የበቀለውን ሣር ያጭዳሉ፣ ትንንሾቹም መቀመጫ የሚሆናቸውን ድንጋይ በሁለት እጃቸው አቅፈው ከበሩ ይደርሳሉ። ወለሉ ይለቀለቃል፣ ቅጠል ይጎዘጎዝበታል፤ ክፍሉም ያውዳል። ቤቱን የሚያሰናዳው ማን ነው ያልነው ጥያቄ እዚህ ላይ ሌላ መልስ ያገኛል። ክረምቱን ሁሉ ጣራውን የጠገነ፣ ሰሌዳውን ያጠቈረ፣ ስም መጥሪያውን ያሰመረ መምህር፣ የጎጆውን ሥርዓት ለልጆቹ ትቶ ወደ ደጅ ወጥቶ ይቆማል፤ ወለሉ በተማሪዎቹ እጅ እስኪለቀለቅ ድረስ ያሰናዳው ክፍል ገና ባዶ ቤት መሆኑን እርሱ ያውቃልና።